በእርጎ ያበረድኩት ክኒን

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለሱግራ፤

እንዴት ነሽ? አሁንም እንዴት ነሽ? በጤናሽ፣ በትምህርትሽ፣ በእንቅልፍሽ እንደምን አለሽ? እህቴ ማህጉል እንዴት ናት? አባትሽ ሙራድ አሊስ ወገቡን ተሻለው ወይስ ከእንጨት ፈለጣ ለመዳን አሁንም ያቃስታል? ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን ወደ ኋላ ያስቀረሁት መልሱን ስለምፈራ ነው፤ እናቴ እንዴት ናት? ጉልበቷ በዚህ በረዶ ከቤት ያወጣታል? አሁንም ክሩን መርፌ ውስጥ ራሷ ታስገባለች ወይስ አንቺን መጥራት ጀመረች? ላሟ ወለደች? የጣሪያውን በረዶ ማን ይጠርጋል? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ደረቅ ካልሲም ጎድሎብኛልና ውሸታም አልሁን።

ፎቶሽን አየሁት። ነጭ ጋዋን ለብሰሽ፣ አንገትሽን ቀና አድርገሽ እንደ ወረዳ ገዢ ቆመሻል። ጋዋኑን የሰፋልሽ ሰው ግን በዕድሜው አጭር ሰው አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እጅጌው ውስጥ ጣቶችሽን ፈልጌ አጣኋቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳስብሽ አሁንም ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ ፀጉሬን እንደ ልጓም እየጎተትሽ የጎረቤቱን ፖም የምታራግፊ ነሽ። በረዶው ሲቀልጥ ተመርቀሽ የሸለቆአችን ክሊኒክ አዋላጅ ሆነሽ እንደምትገቢ ጽፈሻል። ደብዳቤሽን አጥፌ ደረቴ ኪስ ከተትኩትና ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ሰው ሰላም ስል ዋልኩ።

«አጎቴ፣ ለጀማሪ ምን ትመክረኛለህ?» ብለሽ መጠየቅሽ ነው ጣጣው። አንቺ እንደ ዋዛ ነው የጠየቅሽው፤ እኔ ግን ሰሞኑን ሁሉ መልሱን ይዤ ዞርኩ። ያለኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የራሴ ጥፋት ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እናቴ ገና ድምፄን ስትሰማ ታለቅሳለች፤ እሷ አልቅሳ ስትጨርስ ደግሞ ኔትወርኩ ይሄዳል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ገጹን ሁሉ በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

የምኖርበትን ደጋግሜ ጽፌልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የሰው ብዛት ነው። ለጥቂት መቶ ስደተኛ በተሠራው የካምፕ አጥር ውስጥ ብዙ ሺህ ሆነናል፤ የተረፍነው ከአጥሩ ውጪ ቁልቁለቱ ላይ፣ ወይራዎቹ መካከል ድንኳን ተክለን ተቀምጠናል። እጄን ከድንኳኔ ባወጣ የጎረቤቴን ድስት መክደን እችላለሁ፤ አንዳንዴም የምከድነው ቀምሼ ነው። ዝናብ ሲጥል የላይኛው ሰው ጭቃ የታችኛው ሰው ፍራሽ ላይ ይሰፍራል። ታች ከተማው፣ ከከተማው ማዶ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ የመጣንበት የቱርክ ተራራ ይታያል። ከዚያ ተራራ ጀርባ እናንተ ድረስ በእግር ቢሄዱ ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ የማስላት አመል አምጥቻለሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በራችሁ ላይ የምደርሰው በሰማንያ ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ጫማዬ ስለተቀደደ ወደ ዘጠና ከፍ አደረግኩት።

ቀኑን የማሳልፈው ክሊኒኩ ውስጥ ነው። ክሊኒክ ስልሽ ሁለት ድንኳንና አንድ የብረት ኮንቴይነር ማለቴ ነው። ሐኪሞቹ ከየአገሩ በፈቃዳቸው ይመጣሉ፤ አንድ ወር ሠርተው፣ ፊታቸው ገርጥቶ ይመለሳሉ። ሳትመለስ የቀረችው ዶክተር ስታማቲያ ናት፤ የዚሁ የግሪክ አገር ሰው፣ ለሁለት ሳምንት ብላ መጥታ ዓመት ተኩል የሞላት። ከእኛ ከስደተኞቹ ደግሞ ሁለት ነን የምናገለግለው። አንዷ ፓስካሊን የምትባል የኮንጎ ሴት ናት፤ አገሯ ነርስ ነበረች፤ እዚህ ትኩሳትና ክብደት ትለካለች። እኔ ቁስል አጥባለሁ፣ አስተረጉማለሁ። እንዴት እንደተቀበሉኝ ታውቂያለሽ። የእከክ ቅባት ልቀበል ሄጄ መደርደሪያው ላይ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በስም በስሙ ጠራሁላቸው። በሸለቆአችን በሳንጌ ማሻ ገበያ የፋርማሲ ወለል እየጠረግኩ አሥራ አንድ ዓመት በመድኃኒት ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን ወረቀት ማንበቤ፣ አባትሽም «የወረቀት ሐኪም» እያለ ሲስቅብኝ የኖረው ነገር፣ እዚህ ባጅ ሆነኝ። ባጁ ላይ ሰኺዳድ የሚለው ስሜ በሦስት ቋንቋ ተጽፏል። ከክሊኒኩ ውጪ በዚህ ደሴት ላይ ስሜ ቁጥር ነው።

የማስተርጎም ሥራዬን ግን እንደ ወጥ ሠሪ ነበር የምሠራው፤ ከራሴ ቅመም ጣል ሳላደርግበት የሚወጣ ነገር አልነበረም። ዶክተሯ «ውኃ በደንብ ጠጣ» ካለች እኔ «ውኃ በደንብ ጠጣ፣ ሻይ አይቆጠርም፣ ሚስትህ ላይ መጮህም ጉሮሮ ያደርቃል» እላለሁ። ፓስካሊን አንገቷን ነቅንቃ «እሷ ሦስት ቃል ተናገረች፤ አንተ ስብከት አደረግከው» ስትለኝ «ምን ላድርግ እህቴ፣ ቋንቋችን ረዥም ነው» እላታለሁ። ዶክተሯ በቋንቋችን ሰላምታ አስተምረኝ ብትለኝ ደግሞ «አህያዎ ደህና ነው?» የሚለውን አስተማርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ የሽማግሌዎቹን አህያ አንድ በአንድ ጠየቀች። እነሱም በክብር «ደህና ነው፣ ተሸጧል፣ አላህ ይመስገን» ይሏታል። ከአገራችን ከቀራባግ የመጡ አንድ አዛውንት ግን የእውነት አህያቸው ትዝ አላቸውና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ምን አሉ?» አለችኝ። «እንቅልፍ አይወስደኝም ይላሉ» አልኳት፤ ያውም ውሸት አልነበረም።

በዚህ ደሴት በሽታ ክብር እንዳለው መቼም ነግሬሻለሁ። በጣም የታመመ ሰው ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግረው ማህተም ይመታለታል፤ ጤነኛው ይቆያል። በቀደም ከሄራት የመጣ አንድ ጎልማሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የኔ የወገብ ሕመም ስሙ በጣም አጭር ነው፤ ረዘም ያለ አይገኝም?» አለኝ። «ረዥም ስም ያለው በሽታ ሰልፉም ረዥም ነው፤ በዚሁ ተጽናና» አልኩት። ሳቅን። ከዚያ ዶክተሯ መርምራው ደህና ነህ ስትለው ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ አለቀሰ። ደህና ነህ ሲባል የሚያለቅስ ሰው ያየሁት እዚህ ነው።

አሁን ወደ ቢቢ ዘዋር ልምጣ። ከእኛ ጃጎሪ ጎን ያለው የማሊስታን ወረዳ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ባላቸው ኢራን ሞተውባቸው፣ አንድ ልጃቸው ሃምቡርግ ተቀምጦ፣ እሳቸው ብቻቸውን በጎማ ጀልባ እዚህ ደረሱ። የኛ ሰፈር እርጎ ከእሳቸው ነው። ሰው ወተት ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው በዘይት ቆርቆሮ ያረጉትና በግራጫው የእርዳታ ብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። እኛ ሳንሞቅ እርጎው ይሞቃል። መጀመሪያ ያገኙኝ ቀን ከየት ነህ ብለው ጠየቁኝ። ከጃጎሪ ነኝ ስላቸው «እናንተ ጃጎሪዎች ከፊደል በቀር የምታውቁት የላችሁም፤ ና ቁጭ በልና ብላ» አሉኝ። እኔም «የማሊስታን እርጎ ቶሎ የሚረጋው ወሬ ስለሚቀላቀልበት ነው ይባላል» ብላቸው ማንኪያቸውን አነሱብኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስንሰዳደብ ነው የምንበላው።

ድምፃቸው የእናቴን አይመስልም። እናቴ ስትናገር ቀስ ትላለች፤ እሳቸው ይፈጥናሉ። ነገር ግን ስገባ የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን አንገቴን ነው፤ ከሳ ወይስ አልከሳም ብለው። አንገቴን የሚያይ ሰው ከእናቴ በቀር ኖሮኝ አያውቅም።

በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ሰኞ ዕለት ቢቢ ታመሙ። ሽንት ያቃጥላቸዋል፣ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፣ ትኩሳት አላቸው። ዶክተሯ ሽንታቸውን መርምራ ኩላሊታቸው መመረዙን ነገረችን። አንድ ሣጥን ክኒን ሰጠቻቸውና «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በብዙ ውኃ፤ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡት» አለች። ይህን አንድም ሳላጎድል ተረጎምኩ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። ቢቢ አልጋው ላይ እንደ ሕፃን ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ያ ሁሉ ምላስ ጠፍቶ በዓይናቸው ብቻ ያዩኛል። ያን ጊዜ ማናችንም ስንታመም እናቴ የምትለው ነገር ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ነፍሴ፣ ይህ መድኃኒት ትኩስ ነው፤ ሆድዎን እንዳያቃጥለው በእርጎ ያብርዱት» አልኳቸው። በእሷ አዝጋሚ አነጋገር፣ በእሷ ቃና።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን አባባል ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ከራሴ አፍ ሲወጣ ስሰማው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ቢቢም ዓይናቸውን ጨፍነው «ይህች ሐኪም ገና አሁን ቁም ነገር ተናገረች» አሉ። ዶክተሯ የተናገረችው መስሏቸው ነበር፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቶቻቸው በብርድ ልብስ ተሸክመው ክሊኒክ አመጧቸው። ፓስካሊን የሙቀት መለኪያውን አይታ ለዶክተሯ አቀበለቻት። አርባ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ቢቢ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፤ እኔን አንዴ ሰኺዳድ፣ አንዴ በልጃቸው ስም ይጠሩኛል። ዶክተሯ «ይህን ያህል ቀን ወስደውት መሻል ነበረባቸው። ክኒኑን በትክክል ወስደው እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ጠየቅኳቸው። ቢቢ በዚያ ትኩሳት ውስጥ እንኳ ተቆጡ፤ «ለምን አልወስድም? ጠዋትና ማታ፣ እያንዳንዷን በአንድ ሳህን እርጎ አብርጄ ነው የዋጥኳት፤ የተባልኩትን ነው ያደረግኩት» አሉ። እኔም ወደ ዶክተሯ ዞሬ «ወስጃለሁ ይላሉ» አልኩ።

ፓስካሊን ከመዝገቡ ላይ ቀና ብላ «ዛሬ ደግሞ ቋንቋችሁ አጠረ» አለችኝ። በአላህ ስም ልንገርሽ፣ እርጎው ጉዳት እንዳለው ያን ጊዜ አላውቅም። ለምን እንደቆረጥኩት ግን አውቃለሁ። በዶክተሯ አፍ ውስጥ የራሴን ቃል ከትቼ ነበር፤ ያንን እንድትሰማ አልፈለግኩም።

ዶክተሯ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና «እንግዲህ ክኒኑ ይህን ተሐዋሲ አልቻለውም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የትልቅ ሆስፒታል ሥራ ነው። ነገ በመርከብ ወደ ዋናው ምድር እልካቸዋለሁ» አለች። ይህን ስነግራቸው ቢቢ ክንዴን ያዙኝ። «በባሕር ነው የምትልከኝ? ብቻዬን? እዚያ ማን ያውቀኛል? ደግሞ ረቡዕ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ አለኝ» አሉ። ዓመት ከአራት ወር የጠበቁት ቀጠሮ ነው፤ ወደ ልጃቸው የሚሄዱበት በር እሱ ብቻ ነው። ካመለጣቸው ተራው መቼ እንደሚመለስ የሚነግራቸው የለም። ዶክተሯ ይህን ሁሉ ሰማች። «አውቃለሁ። ግን ቀጠሮው ሕይወታቸውን አይተካም» አለች። እውነቷን ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባሁና ከመደርደሪያው ያንኑ ክኒን አውርጄ ሣጥኑን ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት እንጃ፤ ሲጨንቀኝ ወረቀት ማንበብ የቆየ ልማዴ ነው። የግሪክ ፊደል ነው፣ እንደ ጉንዳን የደቀቀ። ግሪክኛውን በየመንገዱ ከለቀምኩት ወዲህ በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነባለሁ። እርጎ የሚለውን ቃል ከከተማው ሱቅ ስኒዎች ላይ በደንብ አውቀዋለሁና ዓይኔን መትቶ አስቆመኝ። ከወተትና ከእርጎ ጋር አይውሰዱ ይላል። እርጎው መድኃኒቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ደም ውስጥ ሳይገባ አብሮት ይወጣል። ሱግራ፣ ቢቢ ዘዋር እነዚያን ሁሉ ቀናት መድኃኒት አልወሰዱም ማለት ነው። በኔ ትእዛዝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የሌባ ሐሳብ ነበር። በጆሯቸው «ከዛሬ ጀምሮ በውኃ» ብላቸው፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል አልኩ። ባለፈው መስከረም አንድ አስተርጓሚ ያልተባለውን ጨምሯል ተብሎ ባጁን አስረክቦ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የምግብ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ሰልፉ ባይኖርም ይቆማል። ውኃ መቅጃው አጠገብ ሄጄ ያልቆሸሸ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ነገር ግን ዶክተሯ የመርከቡን ወረቀት መጻፍ ጀምራለች። ዝም ካልኩ ነገ ጠዋት ቢቢ ባሕር ላይ ናቸው።

ተመልሼ ገባሁና ቆሜ ነገርኳት። ምን እንዳልኩ፣ መቼ እንዳልኩ፣ ጠዋትም ምን ቆርጬ እንዳስቀረሁ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ትኩስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከእሳት የወረደ ማለት ሳይሆን በባሕርይው የሚያነድ ማለት ነው፤ ለውዝና ቴምር፣ እንቁላልና ጠንካራ መድኃኒት ትኩስ ናቸው፤ እርጎና ሩዝ፣ ዱባና ኪያር ቀዝቃዛ ናቸው፤ እናቴ ሁሉን ሰው በዚህ ነው የምታስተካክለው አልኳት። ሰማችኝ። ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ። «ለስንት ሰው ነው እንዲህ ያልከው?» አለች። መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩና ቁጥሩን አጣሁት።

ወረቀቱን አልቀደደችውም፤ ገልብጣ አስቀመጠችው። «ለሁለት ቀን የሚበቃ መርፌ አለኝ። ክኒኑንም እንደገና በውኃ ብቻ፣ አንተ እያየህ ይውጡ። ቅዳሜ ጠዋት ትኩሳቱ ካልወረደ በመርከቡ ይሄዳሉ» አለች። ባጄን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ መልሳ ገፋችልኝ። «ይህን ብወስድ የሚቀጥለው አስተርጓሚ ጥፋቱን ይደብቀኛል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሦስት ቃል ስናገር ሦስት ቃል ነው የምትናገረው። የራስህ ነገር ካለህ መጀመሪያ ለኔ ትነግረኛለህ» አለችኝ። ፓስካሊን ከበሩ ሆና ሰምታን ኖሮ ስወጣ «አሁን ነርስ መምሰል ጀመርክ፤ ፊትህ አመድ ሆኗል» አለችኝ። በእሷ ቋንቋ ማጽናናት እንደዚያ ነው።

ዓርብን ሙሉ ከዶክተሯ ጋር በጭቃው ውስጥ ድንኳን ለድንኳን ዞርን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ መድኃኒቱን በምን ትውጡታላችሁ? ሁለት ሰው በእርጎ ያበርዳል፤ እኔው ነኝ ያዘዝኩት። አንዷ እናት ለልጇ የሰጠናትን ሽሮፕ ለውዝ የበላ ቀን ትዘልለዋለች፤ ሁለት ትኩስ አንድ ላይ አይገባም ብላ። አንዱ ሰውዬ የደም ግፊት ክኒኑን የሚውጠው ኮረብታውን በወጣ ቀን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ እኔ ባልነግራቸውም ያደርጉት ነበር፤ እኔ ግን የማውቀው ነበርኩና መጠየቅ ነበረብኝ። ዶክተሯ ሁሉንም ጻፈች፤ ማንንም አልተቆጣችም። በየድንኳኑ ስንገባ ግን «አህያዎ ደህና ነው?» ትላለች። ሦስተኛው ድንኳን በር ላይ አላስችል አለኝ። «ዶክተር፣ ሌላም አለ» ብዬ ነገርኳት። ጭቃው ውስጥ ቆማ አየችኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። «አራት ወር ይሆናል» አልኳት። «እነሱስ ለምን መለሱልኝ?» አለች። «ስለሚያከብሩሽ ነው» አልኳት። ጥቂት ሄደችና ቆማ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ ትክክለኛውን ሰላምታ አስተማርኳት። ሽማግሌዎቹ ቅር ብሏቸዋል፤ የፊተኛው ይሻል ነበር ይላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ፓስካሊን መለኪያውን ከቢቢ ብብት አውጥታ ለዶክተሯ ሳይሆን ለኔ ሰጠችኝ። ትኩሳቱ ወርዷል። ዶክተሯ የተገለበጠውን ወረቀት አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቢቢ ከሰዓት በኋላ ቀና ብለው ተቀመጡና እርጎዬ የት ደረሰ አሉ። ያን ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው። ሰሙኝና መጀመሪያ የተናገሩት ስለ እርጎው ነው። «እርጎዬን አታስወቅስ። የኔ እርጎ እስከ ዛሬ ሰው ገድሎ አያውቅም» አሉ። ከዚያ «ታዲያ ሐኪሟ ያላለችውን አንተ ለምን አልከኝ?» አሉኝ። እናቴ የምትለው ስለሆነ ነው፤ እርስዎን ተኝተው ሳይ ያንን አባባል እንደገና ልሰማው ፈልጌ ነው አልኳቸው። ረዥም ጊዜ አንገቴን አዩት። «እናትህ አለችልህ፣ ሰኺዳድ» አሉ፤ «በእሷ ናፍቆት እኔን አትግደለኝ።»



ረቡዕ ዕለት ለቃለ መጠይቃቸው በሰው ክንድ ተደግፈው ሄዱ። ክሊኒክ ውስጥ የማስተረጉም እንጂ እዚያ የምገባ አይደለሁምና ከአጥሩ ውጪ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ ደክሟቸዋል፣ ግን ምላሳቸው ተመልሷል። «አስተርጓሚያቸው ደረቅ ሰው ነው፤ ያልኩትን ብቻ ነው ያለላቸው» አሉኝ። ጥሩ ነው እንዲህ ያለው አልኳቸው። «ጥሩስ ጥሩ ነው። ግን ለአፉ ጣዕም የለውም» አሉ። መልሱ ገና አልመጣም። ሲመጣ፣ ደግ ከሆነ፣ ይሄዳሉ። አንገቴን የሚያይ ሰው እንደገና አይኖረኝም ማለት ነው፤ እኔም እንዲሄዱ በየሶላቱ እለምናለሁ።

ሱግራ፣ የጠየቅሽኝ ምክር ይኸው ነው። ጋዋንሽን ለብሰሽ ስትቀመጪ ፊትሽ የምትቀርበው ሴት ሁሉ የምታውቂያት ትሆናለች፤ አንዷ አክስትሽን፣ አንዷ ጎረቤትሽን ትመስልሻለች። ፍቅርሽን አትንሻቸው። መድኃኒቱን ግን ለብቻው ስጫቸው፣ ፍቅርሽን ለብቻው። በምን እንደሚውጡት ጠይቂያቸው፤ የሚመልሱልሽንም እንደ እኔ ቆርጠሽ አታስቀሪው። ስትሳሳቺ፣ መሳሳትሽ አይቀርምና፣ እጅሽን ለመታጠብ ብዙ አትቆዪ።

አሁን ደግሞ የኔን ልመና ስሚኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራሽን ተዪና ከእናቴ አጠገብ ተቀመጪ። የትኛው ምግብ ትኩስ እንደሆነ፣ የትኛው ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ሳል ሲይዘን በምን፣ ሆድ ሲያመን በምን እንደምታክመን ጠይቂያት። እንደምትናገረው አድርገሽ ጻፊው፤ ቀስ ስትል ቀስ ብለሽ፣ መሐል ላይ ተነስታ ዶሮ ስታባርር እሱንም ሳትዘይው። ለማንም በሽተኛ አላነበውም፤ ለዶክተሯ ቃል ገብቻለሁ። ለራሴ ነው የምፈልገው፤ ስበላ ላነበው። ለምን ፈለገው ብላ ከጠየቀችሽ ያደረግኩትን ሁሉ ንገሪያት። መቆጣቷ አይቀርም። በዚህ ዕድሜው፣ የሰው እናት ሊገድል፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ወይ ማለቷ አይቀርም። ቁጣዋንም ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ።

ለእህቴ ለማህጉል ሰላም በያት፤ የላከችልኝ ሹራብ ደርሶ ለብሼዋለሁ፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው እንደሚረዝም አልነግራትም። ለአባትሽ ለሙራድ አሊ ሰላም በይው፤ የወረቀት ሐኪሙ ወረቀት በማንበቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንደተረፈ፣ በሽታው የባሰውም በእሱው መሆኑን ነግረሽ አስቂው። ለወንድሞችሽ ለሁለቱም፣ ጣሪያውን እየተፈራረቁ ይጥረጉ፤ ጎረቤታችሁን ስለ ፖሙ ይቅርታ ጠይቁልኝ። ላሟ ከወለደች ጥጃውን በስሜ እንዳትሰይሙት፤ ከሞተ እናቴ ታዝንብኛለች። የእናቴን ሁለቱንም እጆች ሳሚልኝ። ለምን ሁለቱንም ካለችሽ፣ አንዱ አምና ያልሳምኩት ነው በያት።

አጎትሽ ሰኺዳድ

ሳሞስ ደሴት፣ ከቫቲ ከተማ በላይ ካለው የወይራ ቁልቁለት
በእኛ አቆጣጠር ደልው 20 ቀን 1398፣ በፈረንጆቹ እሑድ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2020